ዕድሜው የሚረዝም አኖድ፦ ስለ ሊትየም-አዮን ባትሪ አሉታዊ ዋልታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የባትሪ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ሊትየምና ስለ ኮባልት ያወራል። አኖዱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ባትሪ ማርጀት ሲጀምር ግን ብዙውን ጊዜ ጣጣው የሚነሳው እዚያ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከኬሚስትሪና ከማቴሪያል ምህንድስና ተማሪዎች፣ ከስልክ ጠጋኞች፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዙ ሰዎች የሚመጡ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አኖድ የትኛው ነው? ከምንስ ይሠራል?

አሉታዊው ዋልታ ነው። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ የሊትየም አዮኖች አዎንታዊው ዋልታ ከሆነው ከካቶዱ ይወጡና ኤሌክትሮላይት የሚባለውን ፈሳሽና በመሀል ያለውን ስስ ፕላስቲክ መለያ አቋርጠው አኖዱ ውስጥ ይገባሉ። ስልኩን ስንጠቀምበት ደግሞ በመጡበት ይመለሳሉ። ዛሬ ገበያ ላይ ባሉት አብዛኞቹ ባትሪዎች አኖዱ ግራፋይት ነው፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር፣ በጣም ተጣርቶ። ከመቶው ዘጠና አምስት ያህሉ የግራፋይት ዱቄት፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የካርቦን ጥላሸትና ጥቂት ማጣበቂያ በውኃ ይበጠበጣል፤ ውፍረቱ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ በሆነ የመዳብ ፎይል ላይ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ ከዚያም በከባድ ሮለር ይዳመጣል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ባትሪው ከፋብሪካ ሲገጣጠም አኖዱ ውስጥ ሊትየም የለም። የሚሠራበት ሊትየም በሙሉ የሚመጣው ከካቶዱ ነው። በመንገድ የጠፋ ሊትየም ምትክ የለውም።

ፎይሉ ለምን መዳብ ሆነ? አሉሚኒየም አይረክስም?

ይረክሳል፤ ይቀላልም። ነገር ግን አኖዱ በሚሠራበት ዝቅተኛ ቮልቴጅ አሉሚኒየም ከሊትየም ጋር ይዋሐድና ይፈረካከሳል፤ መዳብ አይዋሐድም። ስለዚህ አሉሚኒየሙ ለካቶድ፣ መዳቡ ለአኖድ ሆነ። መዳብም የራሱ ድክመት አለው። ባትሪው ከልክ በላይ ተሟጦ ሲቆይ መዳቡ ይሟሟል፤ በኋላ ቻርጅ ሲደረግ በማይሆን ቦታ ተመልሶ ይለጠፍና ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ለዓመት መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ዜሮ የገባን ባትሪ በቀጥታ ኃይል እየሰጡ በግድ የሚያስነሱ ጠጋኞች ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው።

ባትሪ በረከተ የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

በሁለት ነገር። አንደኛው የዑደት ዕድሜ ነው፤ አቅሙ ከመጀመሪያው ወደ 80 በመቶ እስኪወርድ ስንት ጊዜ ሞላ፣ ስንት ጊዜ ባዶ ሆነ? ሁለተኛው የቆይታ ዕድሜ ነው፤ ማንም ሳይነካው ቢቀመጥ እንኳ ስንት ዓመት ይዘልቃል? ሰው ሁለተኛውን ይረሳዋል። ስልክ በሁለት በሦስት ዓመት ይቀየራል፤ መኪና ግን ከ10 ዓመት በላይ እንዲያገለግል ይጠበቃል፤ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈውም ቆሞ ነው።

ከሁለቱም ጀርባ አንድ ቁጥር አለ፤ በእያንዳንዱ ዑደት አኖዱ ውስጥ ከገባው ሊትየም ስንት በመቶው ተመልሶ ወጣ? የኩሎምብ ብቃት ይሉታል። 99.9 በመቶ ሲባል ያኮራል። እስቲ 0.999ን 1000 ጊዜ እርስ በርሱ አባዙት፤ የሚቀረው 37 በመቶ ገደማ ነው። 99.99 በመቶ ከሆነ ግን 90 በመቶ ይቀራል። ልፋቱ ሁሉ ለዚያች ለአራተኛዋ ዘጠኝ ነው። እሷን ለመለካት ተራ መሣሪያ አይበቃም፤ በካናዳ፣ ሃሊፋክስ ያለው የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄፍ ዳንና ባልደረቦቹ ለዚሁ ሲሉ እጅግ ጥንቁቅ የሆነ መለኪያ ቻርጀር ራሳቸው ሠርተዋል።

ታዲያ አኖዱን የሚያስረጀው ምንድን ነው?

ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ከሦስቱ ግን የመጀመሪያው ዋናው ነው፤ ሌሎቹም ዞረው ወደ እሱ ይመለሳሉ።

የመጀመሪያው አኖዱ ገጽ ላይ የሚሠራው ሽፋን ነው። ግራፋይት ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ቮልቴጁ ከሊትየም ብረት በ0.1 ቮልት ገደማ ብቻ ይበልጣል። የምንጠቀምባቸው የኤሌክትሮላይት ፈሳሾች በዚህ ቮልቴጅ አይጸኑም። አኖዱን ሲነኩ ይፈርሳሉ። የፍርስራሹ ውጤት፣ ሊትየም ካርቦኔት፣ ሊትየም ፍሎራይድና ሌሎች የሊትየም ውህዶች፣ በአኖዱ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። ውፍረቱ በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ሽፋን ይሆናል። የዚህ ሽፋን ጸባይ የሚገርም ነው፤ የሊትየም አዮን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሮን ግን አያሳልፍም። ኤሌክትሮን ካላለፈ ፈሳሹ መፍረሱን ያቆማል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው አማኑኤል ፔሌድ በ1979 አሠራሩን ገልጾ ስም ሰጠው፤ በባለሙያዎች ዘንድ ዛሬም በምህጻሩ ኤስኢአይ ይባላል። እኔ እዚህ ሽፋን እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሽፋኑ የሚሠራው ከሊትየም ነው። በግራፋይት ላይ የመጀመሪያው ቻርጅ ብቻ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ሊትየም ይበላል። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ ባትሪም ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት በዝግታ ይሞላል፣ ይወርዳል፣ ሞቅ ባለ ክፍል ይቀመጣል። ይህ ማሟሸት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ፋብሪካዎች ሊያሳጥሩት ሁልጊዜ ይታገላሉ፤ ያለ ልክ የቸኮለ ግን ደካማ ሽፋን ይዞ ይወጣል።

ጥሩ ሽፋን አንዴ ተሠርቶ ይቀመጣል። መጥፎው ይሰነጠቃል፣ ይሟሟል፣ እንደገና ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ጥገና ሊትየምና ፈሳሽ ይከፈላል። ዕድሜው የሚረዝም አኖድ መንደፍ ማለት በአጭሩ ይህን ሽፋን ሰላም የሚሰጥ ገጽ መሥራት ነው። አኖዱ ብዙ ሊትየም መያዙ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የመጠን ለውጥ ነው። ሊትየም ሲገባ አኖዱ ያብጣል፣ ሲወጣ ይሟሽሻል። ግራፋይት የሚያብጠው በ10 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ሽፋኑ ይችለዋል። ሦስተኛው ሊትየሙ ውስጥ መግባቱን ትቶ ገጹ ላይ እንደ ብረት ሲለጠፍ ነው፤ ስለ ፈጣን ቻርጅና ስለ ብርድ ሲጠየቅ እመለስበታለሁ።

ግራፋይት እንዲህ ተስማሚ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ለምን አልተጠቀሙበትም?

ይህ ታሪክ ከሽፋኑ ጋር ስለሚያያዝ መነገር አለበት። ሞሮኳዊው ረሺድ ያዛሚ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግሬኖብል ውስጥ ሊትየም ግራፋይት ውስጥ ገብቶ መውጣት እንደሚችል በኤሌክትሮኬሚስትሪ አሳየ። የተጠቀመው ግን ጠጣር ፖሊመር ኤሌክትሮላይት ነበር። በዘመኑ በተለመደው ፈሳሽ፣ በፕሮፒሊን ካርቦኔት፣ ግራፋይቱ አይጸናም ነበር፤ ፈሳሹ ከሊትየሙ ጋር ተያይዞ ግራፋይቱ በተነባበረባቸው የካርቦን ንጣፎች መካከል ይገባና ይገሸልጠዋል። ስለዚህ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 ሙከራውን የሠራውም፣ ሶኒ በ1991 የመጀመሪያውን ባትሪ ለገበያ ያቀረበውም እንደ ግራፋይት ሥርዓት ባልያዘ ካርቦን ነው።

መፍትሔው ከዚያ ፈሳሽ በአንድ ካርቦንና በሁለት ሃይድሮጅን ብቻ የሚያንስ ዘመዱ ሆኖ ተገኘ፤ ኢቲሊን ካርቦኔት። ይኼኛው ሲፈርስ ጥቅጥቅ ያለ ጥሩ ሽፋን ይሠራል፤ ግራፋይቱም አይገሸለጥም። ይኸው እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ ባትሪዎች ውስጥ አለ።

የ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ለጉድኢናፍ፣ ለዊቲንግሃምና ለዮሺኖ ሲሰጥ ያዛሚ አልተጠቀሰም። ኖቤል ከሦስት ሰው በላይ አይወስድም። በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ የምህንድስና አካዳሚ የሚሰጠውን የድሬፐር ሽልማት ግን ከጉድኢናፍ፣ ከኒሺና ከዮሺኖ ጋር ተጋርቷል። አፍሪካዊ ስሙ በዚህ መስክ መጽሐፍት ውስጥ በደንብ እንዲታወቅ ስለምፈልግ ነው ያነሳሁት።

ስለ ሲሊከን ብዙ ይወራል። ለምን ግራፋይትን አልተካም?

ቁጥሩ ያጓጓል። ግራፋይት ስድስት የካርቦን አቶሞች ተባብረው አንድ ሊትየም ስለሚይዙ በንድፈ ሐሳብ 372 ሚሊአምፔር-ሰዓት በግራም ይሰጣል። ሲሊከን በተለመደው ሙቀት ከ3500 ይበልጣል፤ አሥር እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። ችግሩ ሲሞላ መጠኑ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ቅንጣቷ ትሰነጠቃለች፤ በተሰነጠቀው በኩል ያልተሸፈነ አዲስ ገጽ ይወጣል፤ ፈሳሹ እዚያ ይፈርሳል፤ አዲስ ሽፋን ይሠራል። በሚቀጥለው ዑደት ይኸው ይደገማል። በማይክሮስኮፕ ያረጀ የሲሊከን አኖድ ስታዩ ሲሊከኑን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ይቸግራል፤ በራሱ ሽፋን ክምር ተውጧል።

በ2008 በስታንፎርድ የዪ ኩዪ ቡድን ከብረት ሳህን ላይ እንደ ፀጉር የበቀሉ የሲሊከን ናኖ ሽቦዎች ሳይሰበሩ እንደሚያብጡ አሳየ። ከአራት ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ዲያሜትሯ ከ150 ናኖሜትር ገደማ ያነሰች የክሪስታል ሲሊከን ቅንጣት እንደማትሰነጠቅ አረጋገጡ። የስንጥቁ ነገር ተፈታ ማለት ይቻላል። ግን ቅንጣት በደቀቀ ቁጥር ጠቅላላው ገጽ ይሰፋል፤ ገጽ ከሰፋ የሚበላው ሊትየም ይጨምራል። ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

ኢንዱስትሪው የመረጠው መንገድ ሌላ ነው። አንደኛው ሲሊከኑን ከኦክስጅን ጋር ማዋሐድ ነው፤ ሲሊከን ኦክሳይድ ያነሰ ያብጣል፣ ከግራፋይት ጋር በጥቂት በመቶ ይቀላቀላል። ዋጋው የመጀመሪያው ዑደት ላይ ይከፈላል፤ ኦክስጅኑ ብዙ ሊትየም አስሮ ያስቀራል። ሁለተኛው፣ ለእኔ ይበልጥ የሚያሳምነኝ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ካርቦን አዘጋጅቶ ሲሌን በሚባል ጋዝ ሲሊከኑን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሲሊከኑ ሲያብጥ የሚሄድበት ባዶ ቦታ እዚያው ውስጥ ተትቶለታል፤ ከፈሳሹ ጋር የሚገናኘው የውጪው ካርቦን ብቻ ስለሆነ ሽፋኑ አይነካም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ግሩፕ ፎርቲን የሚባለው ኩባንያ የተያያዘው ይህንን ነው። የሲላ ኩባንያ የሲሊከን አኖድ በ2021 ሁፕ የተባለ የእጅ አንጓ መሣሪያ ውስጥ ገብቷል፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ኦነርን የመሳሰሉ የቻይና ስልኮች "ሲሊከን-ካርቦን ባትሪ" እያሉ ይሸጣሉ።

ቀሪው ጭንቀት የቆይታ ዕድሜው ነው። ባትሪውን ማንም ባይጠቀምበትም የሲሊከን ሽፋን አያርፍም፤ ባትሪው ቆሞ እያለ ኬሚስትሪው ይቀጥላል። ስልክ ይህን ይሸከመዋል፤ 10 ዓመት ለሚጠበቅበት መኪና ግን ከባድ ጥያቄ ነው።

አኖዱ አሥር እጥፍ ከያዘ ስልኬ አሥር ቀን ይቆያል ማለት ነው?

አይደለም። ካቶዱ፣ ፎይሉ፣ ፈሳሹ፣ መያዣው እንዳሉ ናቸው፤ አኖዱ ምንም ያህል ቢሳሳ የእነሱ ክብደት አይቀንስም። በተግባር ግራፋይቱ ሙሉ በሙሉ በሲሊከን ቢተካ እንኳ ጭማሪው ከ20 እስከ 40 በመቶ አካባቢ ነው።

ማጣበቂያው ከመቶ ሁለት ሦስት ነው። ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ለጀማሪ ተመራማሪ ከሁሉ የተሻለ በርም ይመስለኛል። ዱቄቱን ከዱቄት፣ ዱቄቱን ከመዳቡ የሚያያይዘው እሱ ነው። የቀድሞው ፒቪዲኤፍ የሚባል ፖሊመር መርዛማነት ባለው ፈሳሽ ይሟሟ ነበር፤ ቅንጣቶቹን የሚይዘው በደካማ መሳሳብ ብቻ ነው። ለግራፋይት ይበቃል። ሲሊከን ግን ሲያብጥ ይበጥሰውና ሲሟሽሽ ቅንጣቷ ከኤሌክትሪክ መስመር ተለይታ ትቀራለች፤ ሊትየም በሆዷ ይዛ።

የተሻለው ሲኤምሲ ነው፤ ከሴሉሎስ የሚሠራ፣ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ውስጥም የሚገባ። በውኃ ይሟሟል። በሞለኪውሉ ላይ ያሉት የአሲድ ቡድኖች ሲሊከን ገጽ ላይ ካለው ስስ ኦክሳይድ ጋር በጽኑ ይተሳሰራሉ፤ ትስስሩ ቢላቀቅም ተመልሶ ይያያዛል። በ2011 የጆርጂያ ቴክና የክሌምሰን ተመራማሪዎች ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣውን አልጂኔት ለሲሊከን ተጠቅመው ትልቅ መሻሻል አሳዩ። ፖሊአክሪሊክ አሲድም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ለግራፋይት ደግሞ ሲኤምሲን ኤስቢአር ከሚባል የጎማ ዓይነት ጋር ማቀላቀል ዛሬ የተለመደ የፋብሪካ አሠራር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የላብራቶሪ ዝርዝር ልጨምር። ቅባቱ ሲደርቅ ከላይ በኃይል ካሞቃችሁት ማጣበቂያው ከሚተነው ውኃ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከመዳቡ አጠገብ ያለው ይራቆታል። ፎይሉን ጠቅለል ብታደርጉት ጥቁሩ ቅባት ተቀርፎ ይወድቃል። ቀመሩን ከመኮነናችሁ በፊት የማድረቂያውን ሙቀት ቀንሱ።

ኤሌክትሮላይት ውስጥ የሚጨመረው ኤፍኢሲ (ፍሎሮኢቲሊን ካርቦኔት) ምን ያደርጋል?

ከሌላው ቀድሞ ይፈርሳል፤ ሊትየም ፍሎራይድ የበዛበት ጠንከር ያለ ሽፋን ይሠራል። ለሲሊከን አስፈላጊ ነው ማለት ይቻላል። ሽፋኑ በተሰነጠቀ ቁጥር ግን ኤፍኢሲው ያልቃል። ሲያልቅ አቅሙ ቀስ እያለ ሳይሆን በድንገት ነው የሚወድቀው። 300 ዑደት ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር አይታችሁ 1000 ይደርሳል ብላችሁ እንዳትተነብዩ።

ቶሎ ቶሎ በፈጣን ቻርጀር መሙላት አኖዱን ይጎዳል? ብርድስ?

ሊትየም ግራፋይት ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ወይም በብርድ ሲንቀራፈፍ መግባቱን ትቶ ገጹ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በአርጎን ጋዝ በተሞላ ዝግ ሣጥን ውስጥ የተሞላ ባትሪ ስትከፍቱ ግራፋይቱ ጥቁር አይደለም፤ ሙሉ የሞላው ወርቃማ ነው፣ በከፊል የሞላው ወደ ቀይነት ያደላል፣ ጥቂት ብቻ የያዘው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ጤነኛ አኖድ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ወርቅ ነው። የተጎዳው ላይ ግራጫ ወይም ብርማ ነጠብጣቦች ታያላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠርዙ አካባቢ ወይም ግፊት ካልደረሰው ቦታ። ያ የተለጠፈው ሊትየም ነው። ከፊሉ ተመልሶ ይገባል፤ ከፊሉ በሽፋን ተከቦ ሞቶ ይቀራል። ሲብስ እንደ መርፌ አድጎ መለያውን ይበሳል።

ይህ እንዳይሆን ነው ባትሪ ሠሪዎች አኖዱን ከካቶዱ ወደ 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ አቅም እንዲኖረው የሚያደርጉት፤ ጠርዙም ከካቶዱ ትንሽ ወጣ ይላል። የመኪና ኮምፒውተርም በዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች ቻርጁን ይገድባል፣ ወይም ባትሪውን አስቀድሞ ያሞቃል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ችግር እምብዛም ነው። ሚኒሶታ ያላችሁ ግን መኪናው በጥር "ቻርጅ አልቀበልም" ሲል ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ወገኖቻችን ችግራቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ 100 በመቶ ሞልቶ በሙቀት የቆመ መኪና ሽፋኑ እየወፈረ ይሄዳል። ለሳምንታት የምታቆሙት ከሆነ ግማሽ ገደማ ላይ ተዉት።

ኢትዮጵያ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አኖዳቸው ምንድን ነው?

መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በብዛት የመጡት የቻይና ሥሪቶች ናቸው። ካቶዳቸው ኤልኤፍፒም (ሊትየም አይረን ፎስፌት) ሆነ ኒኬል የበዛበት፣ አኖዳቸው በዋናነት ግራፋይት ነው። ሻጩ "ኤልኤፍፒ ነው፣ አይረጅም" ሲላችሁ የሚያወራው ስለ ካቶዱ ነው። በደንብ በተሠራ የኤልኤፍፒ ባትሪ ውስጥ ቀስ በቀስ አቅም የሚቀንሰው በአብዛኛው አኖዱ ሽፋን ላይ በሚጠፋው ሊትየም ነው።

ጨርሶ የማያብጥ አኖድ የለም?

አለ፤ ሊትየም ታይታኔት። የመጠን ለውጡ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ቮልቴጁ 1.55 ስለሆነ ፈሳሹን ያን ያህል አያፈርስም፤ ሊትየም ለመለጠፍም ዕድል አያገኝም፤ ፎይሉም አሉሚኒየም መሆን ይችላል። ቶሺባ ከ2008 ጀምሮ የሚሸጠው ባትሪ በዚህ የተሠራ ነው፤ ከ20000 ዑደት በላይ እንደሚቆይ ይገልጻል። ታዲያ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም? የሚይዘው 175 ሚሊአምፔር-ሰዓት በግራም ብቻ ነው፤ ያ 1.55 ቮልትም ከባትሪው ቮልቴጅ ላይ ይቀነሳል። ለአውቶቡስና ለባቡር ይሆናል፤ ለስልክ አይሆንም። አሁን ኒዮቢየም የተጨመረባቸው ኦክሳይዶች በዚሁ መንገድ የተሻለ አቅም ይዘው እየመጡ ነው።

ሊትየም ብረቱን ራሱን አኖድ ማድረግስ?

3860 ሚሊአምፔር-ሰዓት በግራም ይሰጣል፤ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ የጀመረው በእሱ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚህ የተሠሩ የተንቀሳቃሽ ስልክ ባትሪዎች እሳት አስነስተው ከገበያ ተሰበሰቡ፤ ዓለም ወደ ካርቦን የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ጠጣር ኤሌክትሮላይት ይዘው የሚመለሱበት ኩባንያዎች አሉ።

ግራፋይት ከየት ይመጣል? ተፈጥሮው ወይስ አርቴፊሻሉ ይሻላል?

ከመሬት የሚወጣው አለ፤ ከፔትሮሊየም ኮክ በ3000 ዲግሪ አካባቢ ተጋግሮ የሚሠራው አለ። የተፈጥሮው ይረክሳል፣ ትንሽ ይበልጥ ይይዛል። አርቴፊሻሉ ውድ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ግን ገጹ ይበልጥ የተረጋጋ ስለሆነ ዕድሜ ለሚፈለግበት ባትሪ ይመረጣል። የጄፍ ዳን ቡድን በ2019 ከ1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መኪና ሊነዳ ይችላል ያለው ባትሪ አኖዱ አርቴፊሻል ግራፋይት ነበር። "ሚሊዮን ማይል ባትሪ" ተብሎ ሲወራ አዲስ ተአምር የመሰለው ብዙ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን በጥንቃቄ የተመረጠ የታወቀ ዕቃ ነው።

ለባትሪ የሚሆነውን ግራፋይት በማዘጋጀት ቻይና ከዓለም 90 በመቶ በላይ ትሸፍናለች፤ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮም ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ትጠይቃለች። ከአፍሪካ ሞዛምቢክ ባላማ ላይ ትልቅ ማዕድን አላት፤ ከዚያ የሚወጣው አሜሪካ ሉዊዚያና ሄዶ ይዘጋጃል። ጉጂ ያለው የቀንጢቻ ማዕድን ብዙ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ይነሳል፤ እዚያ ያለው ታንታለምና ሊትየም ነው፤ ግራፋይት አይደለም።

"1000 ዑደት ቆየ" የሚል የምርምር ጽሑፍ ሳይ ምን ልመልከት?

መጀመሪያ አኖዱ በምን ፊት ለፊት እንደተፈተነ። አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ሙከራ የሚሠራው በሳንቲም በምታህል ባትሪ፣ አኖዱን ከሊትየም ብረት ቁራጭ ጋር አጋጥሞ ነው። ያ ቁራጭ የማያልቅ ሊትየም አለው። አኖዱ በየዑደቱ አንድ በመቶ ቢያባክን እንኳ ከጎረቤቱ እየተበደረ ይኖራል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያው አኖድ ሊትየሙ የተወሰነ ካቶድ ፊት ቢቆም መቶ ዑደት ላይ የሚቀረው 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የአቅሙን መስመር ትታችሁ የኩሎምብ ብቃቱን ፈልጉ። ካልተሰጠ፣ ለምን እንዳልተሰጠ መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ የቅባቱ ውፍረት። የገበያ ባትሪ በካሬ ሴንቲሜትር 3 ሚሊአምፔር-ሰዓትና ከዚያ በላይ ይይዛል። 0.5 ብቻ በሚይዝ ስስ ቅባት ግን ማንኛውም ሲሊከን ጥሩ መስሎ ይታያል። የፈሳሹም መጠን እንዲሁ ነው፤ ሳንቲሟ ባትሪ በፈሳሽ ተጥለቅልቃ ከሆነ ኤፍኢሲው ቶሎ አያልቅም። ደግሞም ፍጥነቱን እዩ። በአሥር ደቂቃ እየተሞላ፣ በአሥር ደቂቃ እየወረደ የተቆጠረ 1000 ዑደት ሁለት ሳምንት ነው፤ የቆይታ ዕድሜን አይነግራችሁም።

ስልኬ አበጠ። አኖዱ ነው?

ያበጠው በጋዝ ነው፤ ጋዙ የሚመጣው ከሚፈርሰው ኤሌክትሮላይት ነው፤ ሁለቱም ዋልታዎች ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። አትብሱት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት። አስቀይሩት።

ዩኒቨርሲቲያችን የአርጎን ሣጥን የለውም። በዚህ ርዕስ መመረቂያ መሥራት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ጥያቄውን በአቅም ልክ መምረጥ ነው። ማጣበቂያና ቅባት በውኃ ስለሚሠሩ ሣጥን አይፈልጉም፤ ምን ያህል እንደሚጣበቅ፣ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በቀላል መሣሪያ ይለካል። ባትሪ አድርጎ መፈተኑን ሣጥን ካለው ላብራቶሪ ጋር በትብብር መጨረስ ይቻላል።

ከቡና ገለባ ካርቦን መሥራት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ከዕፅዋት የሚገኘው ካርቦን ግን በተለመደው እቶን ግራፋይት አይሆንም፤ ንጣፎቹ ሥርዓት ያልያዙ ደረቅ ካርቦን ነው የሚሆነው። ለሊትየም ባትሪ የመጀመሪያው ዑደት ላይ ብዙ ሊትየም ስለሚያስቀር ከግራፋይት ጋር አይወዳደርም። ለሶዲየም-አዮን ባትሪ ግን የሚፈለገው እሱ ነው፤ ሶዲየም ግራፋይት ውስጥ በደንብ አይገባም። ወደዚያ ብታዞሩት ያዋጣል። ገለባው ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ሌላው አመድ በአሲድ ታጥቦ ካልወጣ ውጤታችሁ ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከምንም በፊት የአመዱን መጠን ለኩና ገለባው ከየትኛው ወረዳና ከየትኛው መፈልፈያ እንደመጣ በማስታወሻችሁ ጻፉ።